ጥሪታችንን ከመስጠታችን በፊት ምን እናንብብ?

ባለፈው ወር በ24 ቀን፣ በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ተፈጽሞ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ወረቀት ፈትተው ሰጡንና «የኔታ፣ እስቲ ይህን እንደገና ያንብቡልኝ» አሉን። ወረቀቱ ገና ሊቋቋም ነው የተባለ አንድ የአክሲዮን ማኅበር ያዘጋጀው የመፈረሚያ ቅጽ ነበር። ማኅበሩ ሳይቋቋም ቀረ፤ ጽሕፈት ቤቱም ተዘጋ፤ እኒህ እናት በመርካቶ ቅመማ ቅመም ቸርችረው በብዙ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ልባችንን የነካው «እንደገና» ያሉት ቃል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከመፈረማቸው አስቀድሞ ይህንኑ ወረቀት ለእኛ አሳይተውን ነበርና። እኛም ማኅተሙንና የኅትመቱን ማማር ብቻ አይተን «መልካም ነው» አልናቸው። ዳዊት የደገምን፣ በድቁና ያገለገልን፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ጠመኔ የያዝን ሰዎች ሳናነብ እንዳነበበ ሰው መሰከርን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያ ዕዳ ስላለብን ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ የአክሲዮን ነገር ዛሬ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው ከመቶ ዐሥሩን ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን ነበር፤ ይኸውም 9,900 ብር ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ጀመረ። እንግዲህ በሩ ለብዙው ቤተሰብ ከተከፈተ፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ትምህርትም ለብዙው ሊዳረስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሊነበብ ይገባዋል የምንለው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ነጋድራስ በጉምሩክ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸውና ንግድን በዐይናቸው አይተው ጻፉ። ሀብት ከሥራና ከዕውቀት የሚገኝ መሆኑን፣ ገንዘብ ግን መለዋወጫና መመዘኛ እንጂ ራሱ ሀብት አለመሆኑን ያስረዳሉ። ዕውቀት ያለውና ዕውቀት የሌለው በገበያ ሲገናኙም ድካሙ በርካሽ የሚሄድበት የኋለኛው መሆኑን ያሳያሉ። ይህን የጻፉት ስለ አገሮች ነው፤ ነገር ግን በቅመም ሻጭዋ እናትና በወረቀቱ አዘጋጅ መካከል የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከባሕር ማዶ መጻሕፍት አንዱን ብቻ እንጠቁም ብንል፣ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቤንጃሚን ግራሃም በ1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመውን፣ በእኛ ቋንቋ «አስተዋይ ባለ ገንዘብ» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ እንመርጣለን። ግራሃም የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በ1929 ወድቆ ባስከተለው ችግር ራሱ ብዙ የከሰረ ሰው ነበርና ምክሩ የተፈተነ ነው። አክሲዮን የአንድ ሥራ ድርሻ መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ ገዢው የሥራውን እውነተኛ ዋጋ መርምሮ ከዚያ አሳንሶ ይግዛ ይላል፤ ግምቱ ቢሳሳት ልዩነቱ መጠጊያ ይሆነዋልና። ሳይመረምር ዋጋ ይጨምራል ብሎ ብቻ የሚገዛውን ግን ዕድሉን ከሚሞክር ሰው ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው የአገራችን ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። የባለ አክሲዮኑ ኃላፊነት እስከምን እንደሚደርስ፣ በጉባኤ ድምፅ የመስጠትና ስለ ሒሳቡ የማወቅ መብቱም ምን እንደሆነ በዚያ ተጽፏል። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ስለ ሥራው፣ ስለ ዕዳውና ስለሚያሰጋው ነገር የሚናገር መግለጫ አዘጋጅቶ አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ማስመዝገብ አለበት።

አራተኛውና የመጨረሻው ንባብ ይኸው መግለጫ ነው። ሰውም ወረቀቱን ይዞ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ማኅበሩ ተቋቁሟል ወይስ ገና ነው? ገንዘቤ የሚገባው በማን ስም ነው? መግለጫው ተመዝግቧልን? ትርፉ የሚገኘው ከምን ሥራ ነው? ሥራው ቢጠፋስ ቤቴ በምን ይተዳደራል? መልስ የታጣለት ጥያቄ አንድ እንኳ ቢኖር ብዕሩ ይቀመጥ።

በዚያች ቀን ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠን የእናታችንን ወረቀት ከፊቱ እስከ ጀርባው አነበብነው። በጀርባው በደቃቅ ፊደል ገንዘቡ ገቢ የሚሆንበት የባንክ ሒሳብ ተጽፎ ነበር፤ ስሙም የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። ሊቋቋም ላለ ማኅበር የተሰበሰበ ገንዘብ በማኅበሩ ስም በባንክ መቀመጥ እንዳለበት ሕጉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ብናነበው ኖሮ ያች አንዲት መስመር በበቃች ነበር። ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ የልጅ ልጄን ያስተምሩልኝ» አሉን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ወረቀት ወደ ቤት ሲመጣ በማዕድ ዙሪያ ይነበብ። ፊደል የቆጠረው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ኑሮን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እያስቆሙ ይጠይቁ። ተማርን የምንል ሁሉ ደግሞ ሳናነብ «መልካም ነው» ከማለት አንደበታችንን እንጠብቅ። እግዚአብሔር አምላክ ማስተዋልን ያድለን።