እንጦጦን ቀስ ብለን አየነው

ከገጠር አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ጨርሶ በማግስቱ ይመለሳል። እኛም እንዲሁ ነበርን። አሁን ግን ተመካከርንና ሁለት ቀን ጨመርን። የካንና እንጦጦን በእግራችን ለማየት ቆረጥን።

ጉዞ ዝግጅት ይፈልጋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ብርድ አለ፤ ዳገቱም ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ጋቢ፣ ውሃና ቆሎ ያዝን። ደብተርና እርሳስም አልረሳንም። በጠዋት ተነሣን፤ ማንም ለብቻው አልሄደም።

በመጀመሪያው ቀን የካ ተራራ ላይ ወጥተን ዋሻ ሚካኤልን አየን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ የተካበ አይደለም፤ ከአለት የተፈለፈለ ነው። እዚያ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ፣ «የአብርሃና የአጽብሓ ዘመን ሥራ ነው» አሉን። የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ ተሠራ ይላሉ።

«አባቴ፣ እስቲ ይድገሙልን፤ እንጻፈው» አልናቸው።

«ጻፉ እንጂ ልጆቼ! እኛ ስንሞት ማን ይናገራል?» አሉ።

ሁለቱንም ጻፍን።

በሁለተኛው ቀን በሽሮ ሜዳ በኩል ወጣን። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ጥለት ሲጠለል ቆመን አየን። ከዚያ እንጦጦ ማርያም ደረስን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከታች፣ ፍል ውሃ አጠገብ ተቆረቆረች። ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ግን በ1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። በግቢው ያለው ሙዚየም የንጉሡንና የእቴጌይቱን ልብስ ያሳያል። የኖሩበት ቤትም በአጠገቡ አለ።

በዚያ ዘመን ከተማው ሲያድግ እንጨት አለቀ። ስለዚህ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣ። ተራራውን ያለበሰው እሱ ነው። ቁልቁል ስንወርድ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። መንገድ ለቀቅንላቸው። እኛ ለማየት የወጣነውን ዳገት እነሱ ለእንጀራ ይወጡታል። በመኪና አልፈን ቢሆን ፊታቸውን አናይም ነበር። ይህንንም ጻፍነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተም በየአገራችሁ የቆየ ደብር፣ መስጊድ ወይም አምባ አላችሁ። ቀን ቁረጡ፤ ሂዱ። ሽማግሌና ባልቴት ጠይቁ። የሰማችሁትን ጻፉና ለጎረቤት አንብቡ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።