ዲጂታል መንትያ፤ አመጣጡ፣ የኢንዱስትሪ አገልግሎቱና ለትምህርት ያለው ፋይዳ

1. መግቢያ

በሥራ ላይ ያለን ሞተር በየጊዜው መፍታት ጊዜና ገንዘብ ያባክናል፤ ሳይፈቱ መተው ደግሞ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ «ዲጂታል መንትያ» የሚባለው ነው። ዲጂታል መንትያ ማለት የአንድ የተወሰነ መሣሪያ ወይም ፋብሪካ በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀረጸ አምሳያ ሲሆን፣ ከእውነተኛው ዕቃ ላይ በሚወሰድ ልኬት በየጊዜው የሚታረም ነው። ከተራ ሥዕልም ሆነ ከተራ ሞዴል የሚለየው ይኸው መታረሙ ነው።

2. የሐሳቡ አመጣጥ

ስያሜው ከመውጣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ ለዚህ የሚቀርብ አሠራር በጠፈር ምርምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከመሬት 320,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ አንዱ የኦክሲጅን ማጠራቀሚያዋ ፈነዳ። በምድር ያሉት ባለሙያዎች መንኮራኩሯን ሊነኳት አይችሉም፤ በእጃቸው የነበረው ለልምምድ የተሠራ አምሳያዋ ነበር። ስለሆነም ከጠፈር በሬዲዮ የሚደርሳቸውን ልኬት እየተከተሉ ዋና ዋናዎቹን የማዳን እርምጃዎች አስቀድመው በአምሳያው ላይ ሞከሩ። ሦስቱ ጠፈርተኞችም በኤፕሪል 17 በሕይወት ተመለሱ። ያ አምሳያ በጥብቅ ትርጉሙ ዲጂታል መንትያ አልነበረም፤ ከመንኮራኩሯ የመጣውን ልኬት ከአምሳያው ጋር የሚያገናኘው ሰው ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክል ግሪቭስ የተባሉ ምሁር በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ገለጻ ሐሳቡን በሦስት ክፍል አስቀመጡት፤ እውነተኛው ዕቃ፣ አምሳያውና ሁለቱን የሚያገናኘው የመረጃ መስመር። «ዲጂታል መንትያ» የሚለው ስያሜ የናሳ ባለሙያ ከሆኑት ከጆን ቪከርስ ጋር ተያይዞ በ2010 አካባቢ ታወቀ። በ2021 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለፋብሪካ ምርት የሚያገለግል የዲጂታል መንትያ ደረጃ አወጣ።

3. አሠራሩ

በመጀመሪያ በመሣሪያው ላይ የተተከሉ ሴንሰሮች ሙቀትን፣ ግፊትንና ንዝረትን እየለኩ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስተላልፋሉ። ቀጥሎ አምሳያው በፊዚክስ ሕግና ቀደም ሲል በተሰበሰበ ልኬት ላይ ተመሥርቶ፣ መሣሪያው በዚያች ሰዓት ሊያሳይ የሚገባውን መጠን ያሰላል። በመጨረሻም የተሰላውና የተለካው ይነጻጸራሉ፤ ውጤቱም ተመልሶ ለመሣሪያው ትእዛዝ ይሆናል። ልኬት ብቻ ተቀብሎ ትእዛዝ የማይመልሰውን አምሳያ አንዳንድ ተመራማሪዎች «ዲጂታል ጥላ» ይሉታል።

በተሰላውና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ከሄደ ከሦስት ምክንያቶች አንዱ ይጠረጠራል፤ ወይ መሣሪያው መበላሸት ጀምሯል፣ ወይ ሴንሰሩ ተሳስቷል፣ ወይ አምሳያው ሲቀረጽ የተዘነጋ ነገር አለ። ለምሳሌ ያህል የአንድ ኩሽኔታ ሙቀት በስሌቱ መሠረት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ሲገባው ሴንሰሩ 85 ቢያሳይ፣ ቁጥሮቹ ብቻቸውን ምክንያቱን አይናገሩም። ንዝረቱም አብሮ ከጨመረ ጥርጣሬው በኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ሌሎቹ ልኬቶች ካልተለወጡ ግን ሴንሰሩ ራሱ ይመረመራል። ኮምፒዩተሩን ያለ ጥርጣሬ የሚያምን ሠራተኛ ደህናውን ሞተር ያስፈታል፤ ፈጽሞ የማያምነው ደግሞ የተበላሸውን ማሠራቱን ይቀጥላል።

4. በኢንዱስትሪ የሚሰጠው አገልግሎት

የጄት ሞተር ጥገና ለረዥም ጊዜ ሲወሰን የኖረው በአመዛኙ በበረራ ሰዓትና በበረራ ብዛት ነው። ሆኖም አቧራማ በሆነ አካባቢ የሚበር ሞተርና ንጹሕ አየር ባለበት የሚበር ሞተር እኩል አያረጁም። ስለዚህ ሮልስ ሮይስንና ጄኔራል ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ አምራቾች ለየሞተሩ የራሱን አምሳያ በማዘጋጀት፣ ጥገናው በሞተሩ ድካም ልክ እንዲወሰን ይሠራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተረከባቸው ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች በሮልስ ሮይስ ሞተር የሚበሩ በመሆናቸው ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል።

በፋብሪካ ግንባታ በኩል ቢ.ኤም.ደብሊው የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሃንጋሪ አገር በደብረጼን ከተማ ያቋቋመውን ፋብሪካ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ገንብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የምርት ሂደቱን በዚያው በአምሳያው ላይ አስጀመረ፤ እውነተኛው ምርት የተጀመረው በ2025 ነው። የማሽን አቀማመጥ ስሕተት በኮምፒዩተር ላይ ሲገኝ በቀላሉ ይታረማል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሲገኝ ግን ግድግዳ እስከ ማፍረስ ሊያደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አምሳያ፣ ልኬት የሚሰጠው ፋብሪካ እስኪቆም ድረስ ዕቅድ እንጂ መንትያ አይደለም።

5. ለትምህርት የሚሰጠው ግንዛቤ

የዘዴውን መሠረት ያለ ኮምፒዩተር ማስተማር ይቻላል፤ በጣሳ የተቀዳ ትኩስ ውኃ፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይበቃሉ። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የውኃው 80 ሆኖ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውኃው 68 ቢያሳይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ60 ወደ 48 ወርዷል፤ ይኸውም የመጀመሪያው አራት አምስተኛ ነው። ልዩነቱ በዚሁ ሬሾ ከቀነሰ በአሥረኛው ደቂቃ 38.4፣ የውኃውም ሙቀት 58.4 ዲግሪ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ተማሪዎች ግምታቸውን በልኬት እያረሙ ይቀጥላሉ። በመካከል መምህሩ ሳይታይ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨምር ልኬቱ ከስሌቱ ይርቃል፤ ተማሪዎቹም የተለወጠው ውኃው፣ የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ወይስ ስሌቱ መሆኑን መመርመር ይኖርባቸዋል። በሞተሩ ፊት የሚቆመው መሐንዲስ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ስለሆነም ርእሱ በኮምፒዩተር ትምህርት ብቻ ከሚወሰን ከፊዚክስ የልኬት ምዕራፍና ከሒሳብ የሬሾ ትምህርት ጋር ተያይዞ ቢሰጥ ይመረጣል። በትክክል መለካትና ልዩነትን መመርመር ያልለመደ ተማሪ፣ ኮምፒዩተር ቢቀርብለትም የሚያየው ሥዕል ብቻ ይሆናል።