ከከሰል ወደ ሶኬት፦ የከተማ ቤት አደጋዎች ዳሰሳ

በከተማ ቤት ውስጥ እሳት የሚነሣባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከሰል፣ ላምባ፣ ሲሊንደርና ሻማ ከተጠቀሱ አብዛኛው ተጠቃሏል። የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ማብሰያ ስለመሻገር ብዙ ይወራል። ኃይሉ ስለሚገባበት ቤት ግን እምብዛም አይነሣም። ለአምፖልና ለሬዲዮ ታስቦ የተዘረጋ መስመር ዛሬ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ ተሸክሟል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ምጣድ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ይጠጋል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ባለ 16 አምፒር ብሬከር ያለው መስመር ሌላ ሳይጨመርበት ይህን ያህሉን ቢችል ነው። ስለዚህ ምጣድ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። በብዙ ቤት ግን ጀርባው ላይ 10 አምፒር የሚል ዲቫይደር ላይ ይሰካል። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው አምፒር እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን ጥቂት የመሰለ ጭማሪ ላስቲኩን ለማቅለጥ ይበቃል። ሶኬቱ ዙሪያው ጠቁሮ፣ ማሰኪያው እጅ እያቃጠለ፣ የላስቲክ ሽታ እየመጣም ጋገራው አይቋረጥም፤ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ያለ ሊጥ እስከ ነገ አይጠብቅምና። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ሽቦውን ሳይነኩ በባለ 32 አምፒር የሚቀይሩ ባለሙያ ነን ባዮችም አሉ። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፤ በእሱ ፈንታ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

«ምጣዱ ይነዝራል» የሚባለው ሌላ ጉዳይ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ጋጋሪዋ ጣውላ ላይ ስለቆመች ወይም ላስቲክ ጫማ ስላደረገች ብቻ ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ እርጥብ ሲሚንቶ በባዶ እግሩ የረገጠ ልጅ ምጣዱን የነካ ዕለት ግን ይገለጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ በትክክል የተቀበረ ግራውንድ፣ በተጨማሪም 30 ሚሊ አምፒር ያህል ኃይል ወደ መሬት ሲያመልጥ ለይቶ መስመሩን የሚያጠፋ መሣሪያ። ሁለተኛው በየቤቱ እምብዛም አይታይም፤ ዋጋውን ሰምተው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው።

መብራት መጥፋቱም የራሱን አደጋ ያመጣል። ስቶቩ በርቶ ወይም ካውያው ልብስ ላይ ተቀምጦ ሳለ መብራት ይሄዳል፤ ሰው ማብሪያውን ሳያጠፋ፣ ሶኬቱን ሳይነቅል በሩን ቆልፎ ይወጣል፤ መብራቱ ማንም በሌለበት ይመለሳል። ይህን አደጋ ለመከላከል አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ የሚያስፈልገው መብራት በሄደ ቁጥር መንቀል ብቻ ነው። በጨለማው ሰዓት የሚበራው ሻማ ደግሞ መጋረጃና አልጋ ልብስ አጠገብ እንዳይቀመጥ ያሻል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ኤሌክትሪክ ከከሰል ይሻላል የሚሉት ወገኖች ክርክር ጠንካራ ነው፤ ከሰል ሳያቃጥልም ይገድላልና። ውጭ ተራግቦ ጭሱ ያለቀ ፍም ንጹሕ ስለሚመስል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በሐምሌ ብርድ ወይም አራስ ባለችበት ቤት በርና መስኮት ይዘጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ጉንፋን ነው ተብሎ ይተኛበታል። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አለመተኛት ከማናቸውም ምክር ይቀድማል።

ላምባ እሳቱ ሳይጠፋ አይሞላም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ማፍሰሱ በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። የጋለ ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ መድፋት እሳቱን ይረጨዋል፤ ክዳን ከድኖ ምድጃውን ማጥፋት ይበቃል።

አንዴ የተነሣ እሳት የሚስፋፋው በኮርኒስ በኩል ነው። በአንድ ቆርቆሮ ሥር በተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች የጋራው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። ኮርኒሱ ራሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይሆናል። ስለዚህ የአንዱ ቤት እሳት ግድግዳ ሳይነካ ሦስተኛው ቤት ላይ ይወርዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መነጋገሪያ ከሆኑት አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ሊዘነጋ አይገባም፤ ግድግዳን እስከ ቆርቆሮው ማድረስ ግን መኪናው እስኪመጣ ጊዜ የሚገዛ ሥራ ነው፤ የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ኮንዶሚኒየም በብሎኬትና በኮንክሪት ስለተሠራ በዚህ በኩል ይሻላል። አሉኮቦንድ የለበሱት አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ጥያቄ ያስነሣሉ። ለንደን ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. 72 ሰዎች ያለቁበት ግሬንፌል ታወር የተቃጠለው ከአንድ ፍሪጅ የተነሣ እሳት መሐሉ ፕላስቲክ በሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ላይ ወጥቶ ነው።

የመስኮት ብረት ገና ያልበረደ ክርክር ነው። ለሌባ ተብሎ የተበየደ ብረት የቤቱን ሰውም ያግዳል። ብረቱ ይነሣ ማለት የሚሰማ ምክር አይደለም። ከመኝታ ክፍል መስኮቶች አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ቢሆን፣ የበሩ ጓጉንቸር ቁልፍም ሌሊት የት እንዳለ ሁሉም ቢያውቅ ግን ሁለቱም ስጋት ይታረቃል።

ቃጠሎ ያለ ቤት እሳትም ይደርሳል። ልጆችን በብዛት የሚያቃጥለው የፈላ ውሃ፣ ሽሮና ጀበና ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክፍት ምድጃ ላይ ወድቆ መቃጠሉም በገጠር የታወቀ ነው፤ ሲጥለው አይነካም የሚለው እምነት ጉዳቱን ያከፋዋል። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዛል፤ ኮልጌት፣ ቅቤና ሊጥ አይቀባም። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ልጅ ውሃ መስሎት እንዲጠጣው መጋበዝ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እሳት ሲነሣ፣ ወደ ቆጣሪው የሚያደርስ መንገድ ካለ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዋናው ብሬከር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይቆረጥ ውሃ አይረጭም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ከሆነ፣ ወደ 939 ይደወላል። የቤት ቁጥር ብቻውን ስለማያደርስ በአቅራቢያው ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ይነገራል፤ አንድ ሰውም መኪናውን ለመቀበል ወደ ዋናው መንገድ ይላካል።