«ቦታ አግኝተንልሃል» ሲሉን ምን አግኝተውልን ነው?

በፌርፋክስ ቡና ይዘው የተቀመጡ ባለ ሱቆችና ባለ ታክሲዎች ወሬያቸው የትም ይጀምር የት፣ ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ መሬት ላይ ያርፋል። በቅርቡ አንድ የፒኮ ሮበርትሰን ነዋሪ የሆነ ባለ ታክሲ፣ ወንድሙ ደውሎ «ለሱቅ የሚሆን የሊዝ ቦታ አግኝተንልሃል፣ ቀብዱን ቶሎ ላክ» እንዳለው አጫወተን። የሚላከው ገንዘብ የአሥራ አንድ ዓመት የሌሊት ሥራ ነው። «ወረቀቱን አይተኸዋል?» ብንለው፣ «ወንድሜ አይቶታል» አለን።

ወንድም ይታመናል፤ ሆኖም ሕጉን ማወቅ አይከፋም። እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ደርግ ከወደቀም በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለዚህ በከተማ የሚገኘው መሬቱ ሳይሆን በሊዝ የመጠቀም መብቱ ነው። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ማሪና ዴል ሬይ መንገደኛ የምታደርሱ ሁሉ፣ እዚያ ያሉት ሆቴሎች የቆሙበት መሬት የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መሆኑን ልብ በሉ። ባለ ሆቴሉ ረዥም ዘመን ተከራይቶ ይሠራበታል እንጂ መሬቱ የእርሱ አይደለም።

የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለንግድ የሚሆን ቦታ በአዲስ አበባ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ብሎ ወሰነ። ቦታው በጨረታ ይወጣል፤ አሸናፊው የሚለየው በሰጠው ዋጋና በሚያቀርበው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቅድሚያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ የቀረው በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፈላል። እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንስተው ይህንን ነው፤ ያሸነፍነውን ዋጋ ብቻ እንቆጥራለን፣ ወለዱንና የግንባታውን ወጪ እንረሳለን። ግንባታው በውሉ ቀን ካልተጀመረ ደግሞ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል።

የባለ ታክሲውን ነገር ያጠራጠረን «ቀብድ» የሚለው ቃል ነው። መንግሥት ጨረታ ሲያወጣ ማስታወቂያ፣ ሰነድና የጨረታ ማስከበሪያ አለው፤ ቀብድ የለውም። ቀብድ የሚጠይቀው ቀድሞ ቦታውን የያዘ ሰው ነው። በዚያው አዋጅ ደግሞ ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሹን ሳያደርስ መብቱን ማስተላለፍ የፈለገ ሰው፣ በመንግሥት አካል ተቆጣጣሪነት በግልጽ ሽያጭ ማስተላለፍ ነበረበት። የሚደርሰውም የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላው ለመንግሥት ይገባል። በጓዳ የተደረገ ውል ለማንም አያዋጣም።

የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ደግሞ በመጀመሪያ ቢጫ ካርድ ያውጣ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆኑ የሚከለክለውን ገደብ አንስቶላቸዋል። ውክልናም ከሰጣችሁ «ማናቸውንም ሥራ» ከሚል ይልቅ፣ ለዚህ ጨረታ፣ እስከዚህ ዋጋ ብላችሁ ወሰን አድርጉበት። መመሪያው ስለሚለዋወጥም ገንዘብ ከመላኩ በፊት የዕለቱን ሕግ ከጠበቃ ጠይቁ።

ባለ ታክሲው የውሉን ቅጂ አስልኮ ይዞልን መጣ። ውሉ በሌላ ሰው ስም ነው፤ ቦታው ላይ አንድ ድንጋይ አልተጣለም። ወንድሙ ተቆጥቷል፤ ገንዘቡ ግን እስካሁን ባንክ ነው።