ጨጓራ ነው ያልኩት እርግዝና ነበር

አል ሰድ ውስጥ አንድ ቪላ ቤት ነበር የምሠራው። ባለቤቴ እዚያው ዶሃ ሹፌር ነው፤ አገር ቤት ተጋብተን ነው የመጣነው። ሁዳዴ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ጾሙ ነው፣ ጨጓራዬ ነው አልኩ። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሳምቡሳ ስጠብስ የዘይቱ ሽታ ከኩሽና ያስወጣኝ ነበር። ማዳም የጨጓራ መድኃኒት ገዝታ ሰጠችኝ። የወር አበባዬ መቅረቱን በድካም አሳበብኩት፤ በፊትም ሥራ ሲበዛብኝ ቀርቶብኝ ያውቃል። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ ተባልኩ።

በዚያ 14 ሳምንት ውስጥ ሆዴ ውስጥ ምን እንደተሠራ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ቀድመሽ እንድታውቂው ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው። ሐኪም የሚቆጥረው ከፀነስሽበት ቀን ሳይሆን መጨረሻ የወር አበባ ካየሽበት የመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ቀን እስከ መውለጃው 40 ሳምንት፣ ማለትም 280 ቀን ይባላል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ወይም ዘግየት ማለቱ የተለመደ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 9 ወር ከ10 ቀን ትደምሪና መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች 5 ቀን (ስድስት ስትሆን 6) ትቀንሻለሽ። የእኔ ጥር 12 ነበር። ዘጠኝ ወር ሲጨመር ጥቅምት 12፣ አሥር ቀን ሲጨመር ጥቅምት 22፣ ጳጉሜን ሲቀነስ ጥቅምት 17። ነርሷ ስትጠይቀኝ ግን በድንጋጤ «ጃንዋሪ 12» አልኳት። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ነው። ያቺ የስምንት ቀን ስህተት ካርዴ ላይ ቆይታ፣ በኋላ በአልትራሳውንድ ነው የታረመችው። ስልክሽ ላይ በፈረንጅ ቀን ጽፈሽ ያዢ።

አሁን ወደ ሽሉ። በስድስተኛው ሳምንት የምስር ፍሬ ያህል ነው፤ ግን ልቡ መምታት ጀምሯል። አንጎልና የጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ የሚወጡበት ቱቦም የሚዘጋው በዚሁ ሰሞን ነው። ብዙዎቻችን የወር አበባ «ዘገየ» ብለን የምንጠብቅበት ጊዜ ማለት ነው። ቱቦው በደንብ ካልተዘጋ ልጁ የጀርባ ወይም የአንጎል ጉዳት ይዞ ይወለዳል። ይህን አደጋ የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢቻል ከመፀነስ በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ ይሸጣል። ከባልሽ ጋር ሆነሽ ልጅ ልትወልጂ የምታስቢ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሪው። እኔ ሳልወስድ አልፎኛል፤ ልጄ ደህና ሆኖ መወለዱ ዕድል ነው።

በ12ኛው ሳምንት ጽንሱ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ ሆድ ዕቃው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው ማደግና መብሰል ነው። ልብ በይ፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሆዳችን ሳይገፋ፣ ማዳም ሳታውቅ፣ እኛም ራሳችን በምንደብቅበት ወይም በማናውቅበት ወራት ነው። ለማዳም መንገሩን ብታዘገዪው እረዳሻለሁ፤ እኔም አዘግይቻለሁ። ለራስሽ መጠንቀቁን ግን አታዘግዪ።

በተለይ መድኃኒት። ማንም የሚሰጥሽን ኪኒን ከመዋጥሽ በፊት ፋርማሲ ጠይቂ። በዐረብኛ «አና ሐሚል» ማለት «ነፍሰ ጡር ነኝ» ማለት ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አይቡፕሮፌን ሐኪም ካላዘዘሽ አትውሰጂ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ለማንም ሰው መርዝ ነው። ስታጸጂ መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። ቤቱ ድመት ካለ የድመቷን አሸዋ ሌላ ሰው ቢደፋው ጥሩ ነው፤ ካልሆነ በየቀኑ በጓንት ድፊና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከኩሷ የሚመጣ በሽታ ጽንስን ይጎዳል፤ ጥሬ ሥጋም እንዲሁ። ክትፎ ቢያምርሽም በደንብ ይብሰል።

የአንቺም ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። የደምሽ መጠን ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ልብሽ በፊት ከሚሠራው በላይ ይሠራል። ስለዚህ ፎቅ ስትወጪ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ቶሎ ቢደክምሽ ስንፍና አይደለም፤ ማዳም እንደዚያ ብትልሽም። ደሙ ሲጨምር ብረት ማዕድን ይፈልጋል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሥጋ ብዪ፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር አይሁን፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናውን ጨርሶ ማቆም አያስፈልግም፤ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ይበቃል። መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፣ ወገብ ያማል፣ መሰላል ላይ መውጣትና ምንጣፍ መሸከም የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ቃር፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ፊት ላይ ማድያት፣ ማታ ማታ የእግር ማበጥ ብዙ ሴት ላይ ይታያል።

ልጁ ሲንቀሳቀስ የተሰማኝ 19ኛው ሳምንት ላይ ልብስ ስተኩስ ነው። የመጀመሪያ እርግዝና ከሆነ እስከ 20ኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ትንሽ አልፎ ሊቆይ ይችላል። 28 ሳምንት ሲሆን ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ እንቅስቃሴው ከለመድሽው ከቀነሰ ነገ አትበዪ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

የዶሃ በጋ ሲገባ አንድ ማታ ራሴን ክፉኛ አመመኝ። እንግዳ ነበር፤ እስኪነጋ ዝም አልኩ። ጠዋት ደም ግፊቴ ሲለካ ደህና ነው፣ ውሃ አንሶሽ ነው ተባልኩ። ግን ያን ሌሊት መጠበቄ ትልቅ ስህተት ነበር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን መጭበርበር፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያምም ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቶች ናቸው፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። ደም መፍሰስ፣ ጊዜው ሳይደርስ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠትም ሌሊት ቢሆን አይጠብቁም። አምቡላንስ በ999 ነው። የሐመድ ሕክምና ከተማ የሴቶች ሆስፒታል ከአል ሰድ ሩቅ አይደለም።

አሁን የሚከብደው። በኳታር ከጋብቻ ውጭ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል ነው፣ እርግዝናውም እንደ ማስረጃ ሊታይ ይችላል። ለእርግዝና ክትትል የጋብቻ ወረቀት ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ባለትዳር ከሆንሽ ወረቀትሽን አስተርጉመሽና አረጋግጠሽ አጠገብሽ አስቀምጪ፤ ፎቶውንም ስልክሽ ላይ። ባል ከሌለሽ፣ ወይም ተደፍረሽ ከሆነ፣ ብቻሽን ሆነሽ አትወስኚ፤ ኤምባሲውን ወይም የምታምኚውን ሰው ቀድመሽ አማክሪ። አገር ቤት የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ተደፍራ ላረገዘች ሴት በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ መደፈርሽን ለማስረዳትም ያንቺ ቃል ይበቃል። ከመንደር የሚሸጥ ኪኒን ግን ደም አፍስሶ የሚገድል ነው።

ስለ ሥራው ደግሞ፤ የቤት ሠራተኞች ሕግ (የ2017 ቁጥር 15) በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠሪ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፊ፣ በሕመም ፈቃድ ላይ ሳለሽ እንዳትሠሪ ይላል። የወሊድ ፈቃድ ግን አላስቀመጠልንም። የድርጅት ሠራተኛ 50 ቀን ሲኖራት ለእኛ የለም፤ ይህ ፍትሕ አይመስለኝም። ስለዚህ ለማዳም ስትነግሪ በባዶ እጅ አትሂጂ። እኔ ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ አታንሳ» ብሎ የጻፈውን ወረቀት ነው ያሳየኋት። ሁለት ቀን አኮረፈች፣ ከዚያ ምንጣፉን ሹፌሩ አወረደ።

አገር ቤት ልትወልጂ ካሰብሽ ቀኑን ከአሁኑ ቁጠሪ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ከ36ኛው በኋላ አያሳፍሩም። ከ2020 ወዲህ ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ግን ከ72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለብሽ። ያልተከፈለ ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያ ካለሽ ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። እኔ 31 ሳምንት ሲሆነኝ፣ ነሐሴ 19፣ ደብዳቤውን በእጄ፣ የክትትል ካርዴን በቦርሳዬ ይዤ በረርኩ። ልጄ የተወለደው ጥቅምት 14 ነው፤ ከቆጠርኩት ሦስት ቀን ቀድሞ።