ከምን ላይ ሃያ?

ሃያ ምን ጊዜም ሃያ ይመስለናል። ነገር ግን ከመቶ ሃያ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። ለዚህም አንድ ጥያቄ እናቅርብ።

አንድ የመርሳ ነጋዴ በ100,000 ብር የእህል ወፍጮ ገዛ እንበል። የወፍጮው የመዝገብ ዋጋ በየዓመቱ ከቀሪው ላይ ከመቶ 20 እጅ ይቀነስለታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት ብር ይቀራል?

ብዙው ተማሪ ፈጥኖ፣ «ሦስት ጊዜ ሃያ ስድሳ፤ ስለዚህ የቀረው 40,000 ብር ነው» ይላል። እንዲህ ከሆነማ ወፍጮው በአምስተኛው ዓመት ከመዝገብ ጨርሶ ሊጠፋ ነው። በስድስተኛውስ ከምንም በታች ሊወርድ ነውን? ስሕተቱ ከማባዛቱ ላይ አይደለም፤ «ከምን ላይ ሃያ?» ብሎ ካለመጠየቁ ላይ ነው።

ይህ የትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለኮምፒውተር ከመቶ 25፣ ለአብዛኞቹ የንግድ ሥራ ዕቃዎች ደግሞ ከመቶ 20 የእርጅና ቅናሽ እንዲታሰብ ያዘዘው ከቀሪው ዋጋ ላይ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 979ም ይህን የአቆጣጠር መንገድ አልተወውም።

ብልሃቱ የሄደውን ትቶ የቀረውን መያዝ ነው። ከመቶ 20 ሲሄድ 80 ይቀራል፤ ስለዚህ በየዓመቱ በ0.8 ማባዛት ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት 80,000፣ በሁለተኛው 64,000፣ በሦስተኛው 51,200 ብር ይቀራል። በአምስተኛው ዓመት እንኳ ገና 32,768 ብር አለ።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። ወልድያ ያለ አንድ ወጣት የሒሳብ መርማሪ 51,200 የሚለውን መዝገብ ይዞ የመግዣውን ዋጋ ሊያገኝ ፈለገ እንበል። የተቀነሰው ከመቶ ሃያ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ከመቶ ሃያ ቢጨምርበት 88,473 ብር ከ60 ሳንቲም ያገኛል። የነጋዴው ደረሰኝ ግን 100,000 ይላል። መርማሪው፣ «ዋጋውን ከፍ አድርጎ አስመዝግቧል» ብሎ ቢጽፍበት እውነተኛው ሰው ሐሰተኛ ተባለ ማለት ነው። በ0.8 ቢያካፍል ኖሮ 64,000፣ ከዚያ 80,000፣ ከዚያም 100,000 እያለ ከደረሰኙ ጋር በተገናኘ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት «ከምን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለተማሪው ማርክ ነው፤ ለሠራተኛው ግን የሰው ስም ነው።