ለቤት ሊፍት የትኛው በር ይሻላል?

ከስትሮክ ወይም ከዳሌ ስብራት በኋላ ደረጃ መውጣት ለብዙዎች ከባድ ይሆናል። ሸጎሌን በመሳሰሉ ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ዳገታማ ሰፈሮች ደግሞ ፎቅ ባይኖርም ከግቢ በር እስከ ሳሎን ደረጃ ሊኖር ይችላል። ሊፍት ለማስገባት ካሰቡ በሩን መጨረሻ ላይ የሚታይ ጌጥ አድርገው አይቁጠሩት። ታካሚው ያለ ረዳት መውጣትና መውረድ መቻሉ በአብዛኛው በበሩ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?

በሩ ሲከፈት የሚገኘው ማለፊያ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። የሚለካው ማለፊያው እንጂ የበሩ ፍሬም አይደለም። የሊፍቱ ወለልና የቤቱ ወለል እኩል መሆናቸውንም ያረጋግጡ።

የበር ዓይነቶች

• በማጠፊያ የሚከፈት በር፦ ዋጋው ዝቅ ይላል። ነገር ግን ዊልቸር ላይ ያለ ሰው በሩን እየሳበ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይኖርበታል። አንድ ጎኑ ለደከመ ታካሚ ይህ አድካሚ ነው፤ በቁልፍ ተጭነው የሚከፍቱት ሞተር ቢኖረው ይሻላል።
• ተንሸራታች በር፦ በራሱ ስለሚከፈት ለዊልቸርና ለመራመጃ ይመቻል። በጎን በኩል ቦታ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሰው መሃል ሲገባ የሚያቆመው ሴንሰር ይኑረው።
• ተጣጣፊ የውስጥ በር፦ ቦታ ይቆጥባል፤ ግን ጣት ሊቆነጥጥ ይችላል።

ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉ

በውጭኛውና በውስጠኛው በር መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሕፃን ሊገባበት ይችላል። ሊፍቱ ከተንቀሳቀሰ አደጋው ለሞት ያደርሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ምክንያት 69,000 ያህል የቤት ሊፍቶች እንዲስተካከሉ ጥሪ ተደርጓል። ክፍተቱን ራስዎ ይለኩ።

ቀለምና ገጽታ

የዓይን ሞራ ያለበትን ሰው የሚያንጸባርቅ ብረት ያስቸግረዋል። የማያብረቀርቅና ከግድግዳው ቀለም በግልጽ የሚለይ በር ይምረጡ። በሩ መስታወት ከሆነ ቆሞም ተቀምጦም በሚታይ ከፍታ ላይ ጎላ ያለ መስመር ይለጠፍበት። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የራሱን ምስል እንደ እንግዳ ሰው ቆጥሮ ሊደነግጥ ስለሚችል እንደ መስታወት የሚያሳይ በር አይመከርም። እጀታው ክብ ሳይሆን ወደ ታች የሚጫኑት ዓይነት ይሁን።

መብራት ሲጠፋ

ሊፍቱ በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ ደርሶ በሩን መክፈት አለበት። ሊፍቱ በሌለበት ፎቅ ግን በሩ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ከቆመ በሩን በጉልበት አይክፈቱ፤ ታካሚውን እያነጋገሩ ባለሙያ ይጥሩ።

ከመክፈልዎ በፊት

የበሩን ስፋት ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት አድርገው ታካሚው በዊልቸሩ ወይም በመራመጃው ይሞክረው። የሚከታተለው ፊዚዮቴራፒስት ቢገኝ መልካም ነው። ሊፍቱ ከአቅም በላይ ከሆነ የታካሚውን መኝታ ወደ ምድር ቤት ማውረድና መግቢያው ላይ ራምፕ ማሠራት ጥሩ አማራጭ ነው።